አልጋ ያስነጠቀች አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ

ለተከበሩ የሠልጣኞች ማደሪያ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከፍርሃቱ በቀር ደህና ነን። ዛሬ ግን በከባድ ሐዘን የማረዳዎ መርዶ አለኝ፤ በሦስተኛው ፎቅ፣ በቁጥር ዐሥራ አራት፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባለቤቱን ሊያጣ ነው።

ባለፈው ሰኞ፣ የክፍል ቁልፍ የሚታደሰው ደጅዎ ላይ ቆሞ «ስቴይ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉምና አጠቃቀም ላስረዳ ሰው ብቻ እንዲሆን ስላዘዙ፣ ቧንቧ ልንገጥም፣ ብረት ልንበይድ የመጣን ደናቁርት ዓይናችን በርቶልናልና ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. ብየዳ የሚማረው የክፍሌ ልጅ፣ የማደሪያውን ጎባጣ አልጋ ሁሉ አንድ በአንድ ያቃናው ማለቴ ነው፣ «ስቴይ» ማለት ሲገባው እዚህ «ሊቭ» እንደሚያደርግ ተናግሮ ወደቀ። እርስዎም የመጀመሪያዋ ለጊዜው ለሚያርፍ፣ ሁለተኛዋ ለነዋሪ እንደሆነች በትዕግሥት አስረድተው ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቁት። እናቱ ከሞተች ወዲህ ሌላ ቤት እንደሌለው ሲነግርዎ፣ ይህ ከትምህርቱ ውጭ ነው ብለው ቁልፉን ተቀበሉት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባላል፤ እርስዎ ጠጠሩንም በእንግሊዝኛ ነው የሰጡት።

2. እኔ አለፍኩ። ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ዓረፍተ ነገር እንደ በቀቀን ብደግመው ጎበዝ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያፍራል።

3. እርስዎ ለሁለት ሳምንት ተተኪ ሆነው መጥተው የንባብ ክፍላችንን መኝታ ካደረጉት ስድስተኛ ዓመትዎን ይዘዋል። ለርስዎ የትኛዋ ግሥ እንደምትስማማ አላጠናንም፤ ፈተናው ላይ አልመጣማ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ልጁ ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣውን በገመድ ሲያስር ሳይ ትቼው ገመዱን ልይዝለት ተነሣሁ። ስለዚህ ቁልፉ ከቅዳሜ በፊት እንዲመለስለት፣ ከጫማዎ አቧራ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

በጥላዎ ሥር ለመጠለል የታደለው፣ በትምህርት ያልተሳካለት፣ በአክብሮት ግን ማንም የማይቀድመው፣
የቁጥር ዐሥራ አራቱ ቀልደኛ

ማስታወሻ፦ መልስ ለመጻፍ ጊዜ ቢያጡ አይጨነቁ። አልጋዬን ከነቁልፉ ለልጁ ለቅቄለታለሁ፤ እኔ ከቅዳሜ ጀምሮ ፍራሼን ከርስዎ መኝታ በር ሥር አነጥፋለሁ። ሳንኮራፋ እንደ ወፍጮ ነው ይሉኛል። መቼም ነገሩ ያን ያህል አይደለም፤ የአንድ አልጋ ጉዳይ ነው።