አባባ ዝም እያለ ጠበቀሽ

ውድ ትርሲት፣

በስልክ ብነግርሽ መሐል ላይ ቀልድ እጨምርበታለሁ። ታውቂኛለሽ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አፌ አያርፍም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አባባ ኦሮምኛውን ከእናቱ ወረሰ፤ እኛ ልጆቹ ሳንማረው አደግን፤ አንቺ የልጅ ልጁ ግን ከስሩ ስለማትጠፊ ያዝሽው። ሁለታችሁ ስታወሩ እኔ የእርሻ ፓምፕ እየፈታሁ፣ «እስቲ ይሄ ቋንቋ የቱ ሞተር ላይ ተጽፏል?» እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። የፓምፑ ካርቶን ላይ ያለውን ቻይንኛ እያሳየሁሽም፣ «ይሄን ካነበብሽልኝ በባጃጅ ሮቢት ደርሰን እንመለሳለን» አልኩሽ። የመጀመሪያውን የቻይንኛ መጽሐፍ ከደሴ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ። ለአባባ መልስ ስትሰጪ፣ «በቻይንኛ ካልሆነ አልሰማም!» ብዬ ጆሮዬን እደፍናለሁ፤ አንቺም ትስቂያለሽ። ቀስ በቀስ ለሱ በአማርኛ መመለስ ጀመርሽ።

አዲስ አበባ የቻይኖች አስተርጓሚ ስትሆኚ ቆቦ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አባባ ወድቆ ሲነሳ አማርኛው ጠፋበት። የቀረለት የእናቱ ቋንቋ ብቻ ሆነ። ነርሷ ፍሬዓለም፣ «ስትሮክ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል» አለችን። ቤት ሙሉ ሰው ቆመን አባባ የሚለው ለአንዳችንም አልገባንም። ያኔ ነው የደወልኩልሽ። ድምፅሽን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ተናገረ፤ ጠበቀሽ። አንቺ መለስሽለት፣ በቻይንኛ። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ።

«አጎቴ አትሳቅ! ኦሮምኛውን ስፈልግ ቻይንኛው ነው የሚመጣብኝ» ብለሽ አለቀስሽ። አባባ ፊቱን ከስልኩ አዞረ።

በማግስቱ ራሱ ማውራት ጀመረ። ትሰሚው ብዬ በስልኬ ቀዳሁት። ጥቂት ይናገርና ዝም ብሎ ያየኛል።

«ውሃ ነው አባባ?»

ይቀጥላል፤ ዝም ይላል።

«ትራሱን ላስተካክልልህ?»

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «ኧረ በአማርኛ ተናገር!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ቅዳሜ አረፈ። ለቀብሩ ስትመጪ ቅጂውን ያላሰማሁሽ ጩኸቴ ስላለበት ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን አላስችል አለኝና ዋጃ ሄድኩ። ሃጂ ጀሚልን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ከአባባ ጋር ግመል የነገዱት። እሳቸው ቋንቋውን ይችሉታል። ቅጂውን ከፈትኩላቸው። አባባ ዝም ባለ ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው «አሚን» ይላሉ።

«ሃጂ፣ ምንድን ነው የሚለምነኝ?»

«ምንም አልለመነህም። ቋንቋውን የያዘችለትን የልጅ ልጁን እየመረቃት ነው። ዝም የሚለው አሜን እንድትሉለት ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው ትራስ፣ ትራስ የምትለው?»

እስከ ቆቦ ድረስ መኪናው ውስጥ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። አሜን ማለት እኮ እችል ነበር። ማንም ይችል ነበር።

ሃጂ ቃል በቃል ሊተረጉሙልኝ ሲሉ አስቆምኳቸው። ምርቃቱ ያንቺ ነው። ቅጂውን በሚሞሪ ካርድ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። የሚገባሽን ያህል ስሚው፤ ለቀረው ወደ ሃጂ ነይ፤ ግን አትዘግዪ፣ እሳቸውም ደክመዋል።

አባባ ስድስት ቦታ ላይ ዝም ይላል። እዚያ የምትሰሚውን የኔን ድምፅ ተዪው። አንቺ አሜን በይለት።

ያሾፈብሽ አጎትሽ
ጓንጉል፣ ከቆቦ