ጠራዡ አባታችንና የሕክምናቸው ቅደም ተከተል

አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አራት ዓመት ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረሱ አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ማተሚያ ቤት ገቡ፤ እዚያም አርባ አምስት ዓመት መጽሐፍ ጠረዙ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው የሥራ ባልደረባቸው ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። እናታችን ሲያርፉ ትንሿ እህታችን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባታችን ጸጉሯን ማበጠር የተማሩት ያኔ ነው፤ ለረጅም ጊዜም አልተዋጣላቸውም።

አንድ ጊዜ የሒሳብ መጽሐፍ አምስተኛ ምዕራፍ ከአራተኛው አስቀድመው ሦስት መቶ ቅጂ ጠረዙ። ማንም ሳያይባቸው ለኃላፊያቸው ተናግረው ሁሉንም ፈትተው እንደገና ሰፉ። ከዚያ ወዲህ ገጹን ጮክ ብለው ሳይቆጥሩ መርፌ አያነሡም ነበር፤ እኛም በዚህ ስናሾፍባቸው ኖረናል።

ከሦስት ዓመት ከአራት ወር በፊት የአንጀት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ወደ ጉበታቸውም ተሠራጭቶ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ዕጢው ዛሬውኑ ይውጣ ብዬ ሐኪሟን አፋጠጥኳቸው። ሐኪሟ ግን ጉበታቸው ላይ ያለው በመድኃኒት ካልቀነሰ ተጠርጎ እንደማይወጣ፣ በሽታው ከተመለሰም የሚቀጥለው መድኃኒት እንዳለ በትዕግሥት አስረዱን። አባታችን አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ዶክተር፣ ተራውን ይጻፉልኝ። ትንሿ ልጄ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ካደረሰኝ ይበቃኛል» አሉ። ወረቀቱንም ቁምሳጥናቸው ላይ ለጠፉት።

መድኃኒቱን ስድስት ወር ወሰዱ፤ ጣቶቻቸው ደነዘዙ፤ ዕጢው ግን ቀነሰ። ቀዶ ጥገናው ተደርጎላቸው ከአንድ ዓመት በላይ በጤና በመካከላችን ነበሩ። በሽታው ሲመለስባቸው ሁለተኛውን መድኃኒት ጀምረው አሥራ አንድ ወር ተቋቋሙት። ያም መሥራቱን ሲያቆም፣ ሦስተኛው መድኃኒት ጥቂት ጊዜ ቢጨምርም አልጋ ላይ እንደሚያውላቸው ሐኪሟ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ለእህታችን ፈተና አምስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። «ይሄኛው ይቅርብኝ፤ ከልጄ ጋር ልቀመጥ» አሉ። እኔ ተቆጥቼ ሁለት ቀን ሳላናግራቸው ቀረሁ። እነዚያ ሁለት ቀናት ዛሬ ያንገበግቡኛል።

እሷ ስታጠና እሳቸው አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ያንቀላፉ ነበር። ባለፈው ዓርብ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ስትገባ ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ አስነገሯት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አረፉ።

የልጃቸው ውጤት ገና አልወጣም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ የእሷንም ደስታ እዚያው ያሉበት ያሰማቸው።