አምስት ጊዜ ያጠብኩት

ማክሰኞ

ብርሃኑ ጠፋ። ጠርሙሱን አልትራቫዮሌት መብራቱ ሥር አስገባሁት፣ አወጣሁት፣ እንደገና አስገባሁት። መብራቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የሸሚዜን እጅጌ አስጠጋሁ። ነጩ ሸሚዝ ቦግ አለ። ጠርሙሱ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ።

የሦስት ሳምንት ልፋት ነው። በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ናቸው፤ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀላቅለው ፀሐይ ሲነካቸው አረንጓዴ እንዲያበሩ የሠራኋቸው። ትናንት ማታ ከፕላስቲክ ጋር አዋህጄ የዘረጋሁት ስስ ሉህም ተጓጉሎ አመድ መስሏል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ኢህሳን ሁላችንንም ሰበሰቡን። ማን ነካው አሉ። የምታጸዳልን ዘይነብ፣ እንደኔው ከአገር ቤት የተሰደደች የከሚሴ ልጅ፣ ቀበል አድርጋ "ወላሂ እኔ ነኝ" አለች። ትናንት ጠዋት መደርደሪያውን ስትወለውል ጠርሙሶቹን ለአንድ ሰዓት ያህል መስኮቱ ላይ አስቀምጣቸው ነበር። ፀሐይ በዝቶባቸው ነው የጠፉት ተባለ። ዶክተር ኢህሳን እዚያው፣ በሁላችን ፊት፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገሯት።

እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። የአንድ ሰዓት ፀሐይ እንዲህ እንደማያጠፋቸው አውቃለሁ። ደንቡ ሁለት ጊዜ ሆኖ ሳለ አምስት ጊዜ እንዳጠብኳቸውም አውቃለሁ። ትንፍሽ አላልኩም።

ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ነገሩን እዚህ በትክክል ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልጻፍኩትምና።

እያንዳንዱ ቅንጣት ቅባት ለብሷል። ያ ልብስ ነው ብርሃኑን የሚጠብቅለት። ከሥራው የተረፈው ቅባት ፕላስቲኩን እንዳያጣብቅ ቅንጣቱ በአልኮል ይታጠባል። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ካለፈ ልብሱም አብሮ ይወልቃል፤ ቅንጣቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ገላው ይቆስላል፣ ቁስሉ ብርሃኑን ይውጠዋል። እርስ በርሱም ይጣበቃል። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ!

ግን በሦስተኛው እጥበት ፈሳሹ ይበልጥ ጠራ። ደስ አለኝ። አራተኛ። አምስተኛ። እናቴ "አንተ ልጅ፣ ሳህኑን ልትበሳው ነው" ትለኝ ነበር። የሥራ መዝገቤ ላይ ደግሞ "እንደ ደንቡ ታጥቧል" ብዬ ጽፌያለሁ።

ዛሬ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሞልቶ ፈሰሰ። የዘይነብን ስም ያነሳ ሰው የለም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የኔው በሁለተኛ ቀኑ ነቀዘ።

ሐሙስ

ከመደርደሪያው ጥግ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ። ከእነዚያው ቅንጣቶች ሁለት ጊዜ ብቻ አጥቤ ያስቀረሁት ነው። ሰኞ ዕለት እሱም መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ዘይነብ መደርደሪያው ላይ የነበረውን ሁሉ ነው ያነሳችው። መብራቱ ሥር አስገባሁት። በራ። ጥርት ያለ አረንጓዴ። ምነው ባልበራ ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ከጠፋው ትንሽ ቀንሼ ቅባቱን መልሼ ጨመርኩበት፣ አሞቅሁት። ፈዘዝ ያለች ብርሃን መጣች። እንደ ድሮው ግን አይደለም።

ለዶክተር ኢህሳን የምላቸውን በወረቀት ጽፌ ነበር፦

መብራት ስለሚቆራረጥ ተቻኩዬ ነው።
ፕላስቲኩ እንዲያምር ብዬ ነው።
ፀሐዩም ትንሽ ሳይጎዳው አይቀርም።

ቀድጄ ጣልኩት። ሁለቱን ጠርሙሶች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ "አምስት ጊዜ አጥቤዋለሁ" አልኩ። ማክሰኞ ታውቅ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

"እሷ እውነቱን ነገረችኝ፣ አባረርኳት" አሉ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ቀጥለው "ያላ፣ ሂድና አምጣት።"

ዓርብ

ካላክላ፣ ዘይነብ የምትኖርበት ሰፈር። ሃፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ታጭቆ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሜ ሄድኩ፤ ይበለኝ።

ዘይነብ ከሁለት ያገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ቤቷን አላውቀውም ነበር። ኢቃማዋ በዚህ ሥራ መያዙንም ያወቅኩት ዛሬ ነው፤ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ወረቀቷም ይሄዳል። አፈሳ ፈርታ ከማክሰኞ ጀምሮ ከበር አልወጣችም።

ሁሉንም ነገርኳት።

"ፀሐዩ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እዚያው አጠገቤ ቆመህ?"

"እዚያው።"

ውሃ ሰጠችኝ። አብሽር ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ለሁሉም ሰው የምትላት የማጽናኛ ቃል ናት፤ አምና አባቴ የሞተ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብላኛለች። ዛሬ አላለችኝም። "እኔን በሰው ፊት ነው ያስወጡኝ" አለች። "አንተም በሰው ፊት ካልተናገርክ አልመለስም።"

ኢንሻአላህ እሑድ፣ ሥራ ሲከፈት፣ አልኳት። ኢንሻአላህን ተወውና ና አለችኝ።

እሑድ

ተናገርኩ። ሁሉም ቆመው ነበር። መጀመሪያ በዓረብኛ፣ ከዚያ ወደ ዘይነብ ዞሬ በአማርኛ ደገምኩት። መዝገቤንም በሁሉም ፊት አረምኩ። ዶክተር ኢህሳን እጇን ይዘው ይቅርታ ጠየቋት። ወረቀቷም እንደማይነካ ነገሯት። "አላህ ይቅር ይበለን" አለች፣ ሻሿን አጥብቃ ጨርቋን አነሳች።

ከወጣች በኋላ መደርደሪያውን አየሁት። የሌሎቹን ጠርሙሶች አንስታ ወልውላ መልሳቸዋለች። የኔዎቹን አልነካቻቸውም። ዙሪያቸውን ብቻ ጠርጋ ሄዳለች፤ በመሃላቸው ያለው አቧራ እንዳለ ነው።

እኔው ልወለውለው ጨርቅ አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ራሷ ታነሳቸው ይሆናል።