በሩን ከፍቻለሁ አልኳት

ማክሰኞ ጥር 6፣ ከሥራ መልስ

እግሬ አብጧል። ኪርያት አርዬ ያለውን የመሥሪያ ቤት ፎቅ ሁሉ ጠርጌ በቀጥታ ወደ ሚካል። የሥነ ልቦና ሐኪሜ ናት፤ ልጄን ብታክል ነው። ዛሬ ስለ ቶኽኒት አወራችኝ፤ የሕክምናው ዕቅድ መሆኑ ነው። ማለቂያ አለው አለች። ኩፓት ሆሊም፣ የእስራኤሉ የጤና መድን፣ የሚከፍለው እስከ ፋሲካ ብቻ ስለሆነ ግብ እናስቀምጥ አለችኝ። ግቡ የአሸብር ክፍል። ልጄ በሞተር ሳይክል አደጋ ከሞተ ወዲህ ቆልፌዋለሁ። ሕክምናው ሳያልቅ በሩን መክፈት አለብኝ። ሐዘን በቀጠሮ! የኛ ሰው ቢሰማ ምን ይል ነበር? እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ አቅቶኝ ያውቃል፣ ማስታወሻዬ።

ማክሰኞ ጥር 13

ከፈትሽው ወይ ትለኛለች። ጉንፋን ይዟታል፣ ታስላለች፤ እንዲያም ሆና ለኔ መጥታለች። ለለፋልሽ ሰው አልተሻለኝም ይባላል? እናቴ እያጣጣረች እንኳ ለሐኪሙ ደኅና ነኝ፣ እ/ር ይመስገን ነበር የምትለው። ከፍቻለሁ አልኳት። አልጋውንም አነጠፍኩ ብዬ ጨመርኩ። ውሸት ሲጀምሩት ይጣፍጣል። እንባዋ መጣ። ጻፈች። ካሰብነው ቀድመሻል፣ እንግዲያው እናሳጥረው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርስ አለች። አናቴን በዱላ የመታችኝ ያህል ነው። እሺ አልኩ። ደንቆሮ!

ማክሰኞ ጥር 20

አለቀ። ለመሰነባበቻው ቤተሰብ ይምጣ ተብሎ ልጄ ጽጌ ከምትኖርበት ሰፈር ከኤም ሃሞሻቮት መጣች። ሚካል ኮራሁብሽ እያለችኝ ስለ ክፍሉ ነገረቻት። ጽጌ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔ ሚካልን እመርቃለሁ፤ እደጊ፣ ተመንደጊ። ምላሴ እንጂ ልቤ የለበትም። ውስጤ እንዳትለቂኝ እያለ ይጮኻል፤ ማን ይስማው?

ዓርብ ጥር 23፣ ሰንበት ሳይገባ

ጽጌ መጣች። ጥቁር የቆሻሻ ፌስታሎች ይዛ። ከከፈትሽው ክፍሉን እናጽዳ፣ ልብሱን ለሰው እንስጥ፤ ያላ ኢማ፣ ቁልፉን አለችኝ፤ በይ እናቴ ማለቷ ነው። በሩን ተደግፌ ቆምኩ። አልከፈትኩም፣ ዋሽቼ ነው አልኳት። ሳቀች። ሳቅ ከተባለ። ለሐኪም ዋሽተሽ ሕክምናሽን አስቆረጥሽ? በዕብራይስጥ ነው የምትጮኸው፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋታል። እኔም አላነስኩ። ወንድምሽን በቆሻሻ ፌስታል ልታወጪው ነው፣ ድሮም አትወጂውም አልኳት። አፌ ይድረቅ።

ፌስታሎቹን መሬት ጣለቻቸው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፦

«እማዬ፣ አንድ ሸሚዙን እንኳ አልሰጠሽኝም።»

አላሰብኩትም። እውነቴን ነው፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ለብቻዬ የሞተብኝ መስሎኝ ነበር። ሄደች፤ ለሰንበት እንኳ አልቆየችም። ቁልፉ አሁንም በእጄ ነው፤ ሮጬ ልሰጣት አልቻልኩም።

እሑድ ኩፓት ሆሊም ሲከፈት እደውላለሁ። ዋሽቻለሁ እላለሁ፤ ይፍረዱብኝ፣ ይሳቁብኝ። አዲስ ተራ ወራት ይፈጃል ይላሉ። ይፍጅ። ለሁለት ሰው መዝግቡ እላለሁ።