ንጉሡ ጆሮውን ሲነካ

ውድ ወንድሜ ንጉሡ፣

«እዚህ ቤት መብራት የሚጠፋው ንጉሡ ሊናገር ሲል ነው» አለች አንዲት ሴትዮ ባለፈው እሑድ፣ ቴአትር ቤታችን ቲኬት መሸጫ ጋ ለባሏ። አልዋሸችም። ሌላው ሁሉ ሲናገር መብራቱ ደህና ነበር። ያን ዕለት ግን አንዴም ሳይጠፋ ቀረና ቅር ብሏት ወጣች።

ከሄድክ ስምንት ወር ሆነህ። አዲሱ ንጉሥ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ዘውዱ ሰፍቶት ግን ጋዜጣ ጠቅጥቀንለታል። እኔ ያው ከመሰላሉ በላይ፣ ጠባቧ የመብራት ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ሻይ የምጠጣው ብቻዬን ነው። ሁለተኛዋ ብርጭቆ አቧራ ለብሳለች።

ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ሜካፕ ሠሪዋ «ዛሬም ብላክአውት!» ስትል የተቆጣኸው ትዝ ይልሃል? ግማሽ ጢምህን ብቻ ለጥፈህ ብድግ አልክ።

«ቃሉ የኛ ነው! ፈረንጆቹ መጀመሪያ ለመድረክ ነው ያሉት፤ ትዕይንት ሲያልቅ መብራት ድርግም እንዲል። ከዚያ ጦርነት መጣና መስኮት በጥቁር ጨርቅ ለመሸፈን ወሰዱት። አውሮፕላን አብራሪዎቹ ደግሞ ራሳቸውን ሲስቱ ወሰዱት። የመብራት መሥሪያ ቤት የት ነበረና!»

«ታዲያ ክሰሳቸዋ፣ በግማሽ ጢም!» አለችህ።

እንግዲህ የልቤን ልንገርህ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ ግራ ጆሮህን ነካህና ዘፍ ብለህ ወደቅክ። ተመልካቹ ነገሩ ሳይገባው መብራቱን አጠፋሁት። ሳበራው ዙፋንህ ላይ ነበርክ። ሕዝቡ የመብራት መሥሪያ ቤቱን ሰድቦ ተረጋጋ። አንተም ምንም አላልክ፣ እኔም ምንም አላልኩ። ይህን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ እጅህ ወደ ጆሮህ በሄደ ቁጥር አጠፋሁ። እስከ አሥር ቆጥሬ አበራሁ። አንድም ቀን ዳግመኛ አልወደቅክም፤ እኔም በልቤ «ዛሬም አዳንኩት» እያልኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ መጥቶ ሽቦውን ሁሉ ሲቀይር ትንፍሽ አላልኩም።

የመጨረሻው ቀን ዘውድህን በብብትህ ይዘህ መሰላሉን ወጣህ። «አንተ ሰው፣ ምን አድርጌህ ነው?» አልከኝ። ምስጢርህን ማወቄ አሳፍሮህ መሰለኝ። «ምንም» አልኩህ። እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳህም። ፈረንጆቹ ወሬ ሲታፈንም ያንኑ «ብላክአውት» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ፤ ይህኛውን ትርጉም ሳትነግረኝ ነው የሄድከው።

ትናንት ልጅህ ትተኸው የሄድከውን መነጽር ልትወስድ መጣች። በጋዜጣ እየጠቀለልኩላት ጠየቅኳት።

«አባትሽ ጤናውስ? አሁንም ራሱን ይስታል?»

«ኧረ እሱ! ያኔ አንዴ ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ እንደ በሬ ነው።»

«ጆሮውን መንካቱስ?»

ሳቀች። «እሱማ ከልጅነቱ ነው። የሚናገረው ነገር ሲጥመው ይነካዋል።»

እጁን ከማብሪያ ማጥፊያው አንስቶ ኪሱ ውስጥ የከተተው፣
የመብራቱ ሰው