ከታች ስለታጠፈው የዓሣ ማስታወቂያ

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም የቢሮዎን በር ደህንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። በሩን የጨመርኩት እርስዎን በአካል አይቼዎት ስለማላውቅና ሦስት ጊዜ ስመጣ የተቀበለኝ እሱ ስለሆነ ነው። እርግጥ ቢከፈትም ብዙ ባልተናገርኩ ነበር፤ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም። ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ለጽሑፌ ጉድለት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት በመስታወት ሳጥን ውስጥ ስለሰቀሉልን ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ከጎኗ ዓሣ፣ ዓሣው ላይ ቀይ ኤክስ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሳይቀር ይገባል። ታላቅ እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ማንበብ አትችልም፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ለክትትል በመጣች ቀን አይታው በደንብ ገባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ አልቀመሰችም።

ሁለተኛ፣ እትዬ ሐይቁ ዳር ዓሣ በማጽዳት የምትተዳደር፣ ባሏም ዓሣ አጥማጅ መሆኑን ላሳውቅዎ። ከዳቦና ከሻይ ሌላ በቤታችን የነበረው ደህና ምግብ ዓሣ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ቅርፊት ስትፍቅ ውላ ዳቦዋን በሻይ እያራሰች ትበላ ነበር። ባሏ ትንንሾቹን መርጦ እስኪደርቁ ጠብሶ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ ልጅ ከአሁኑ ዓሣ ካልለመደ ጀልባዬን ለማን ላወርስ ነው?" እያለ ይቀልድባታል። እሷም "አንተ ደግሞ ከሐኪም ልትበልጥ ነው?" ትለውና ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔም እበላዋለሁ። በእነዚያ ወራት ወፍረሻል ብለውኛል።

ሦስተኛ፣ ነርሷን ያመስግኑልኝ። በስድስተኛ ወሯ እትዬን ደምሽ አንሷል አለቻትና ምን እንደምትበላ ጠየቀቻት። እትዬ ከክፍሉ አንደኛ እንደወጣ ተማሪ ቀና ብላ፣ "ዓሣ በአፌ አልዞረም" አለች። ነርሷ ከምትጽፍበት ካርድ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ጎበዝ" አለቻት። እትዬ ያንን ቃል ደስ ብሏት እስከ ቤት ይዛው ሄደች። በሕይወቷ ብዙ የተመሰገነች ሰው አይደለችም።

ልጁ በሰባተኛ ወሩ ተወለደ። ወንድ ነበር። አንድ ቀን ተኩል ቆየ።

ዓሣ ብትበላ ኖሮ ይተርፍ ነበር አልልም፤ እኔ ይህን የማውቅ ሰው አይደለሁም። የማላውቅ መሆኔ ግን አያስተኛኝም።

አራተኛ፣ ካርዷን ልመልስ በመጣሁ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መስታወቱን አውልቃ ስትወለውል ደረስኩ። ማስታወቂያው ከሳጥኑ አንድ ስንዝር ስለሚረዝም ከታች ወደ ኋላ ታጥፎ ኖሯል። "አልገባ ብሎ ነው የኔ ልጅ፣ ከተሰቀለ ጀምሮ እንዲሁ ነው" አለችኝ። በታጠፈው ላይ፣ ቀዩ ምልክት ሌሎች ዓሦችን የሚበሉትን ትልልቆቹንና ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ዓሣን እንደሚመለከት፣ ትንንሾቹ ግን በደንብ በስለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢበሉ ለእናትም ለፅንሱም እንደሚጠቅሙ ተጽፏል። ባሏ የሚጠብሳቸው፣ እኔ የምበላቸው ማለት ነው።

ሠራተኛዋ መልሳ አጥፋ አስገባችው። አግዳሚው ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ተቀምጣ ምልክቱን ትመለከት ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ምንም ሳልላት ወጣሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት፣ በአጥራችሁም ላይ የለጠፍኩት፣ ስለዚያች ሴት ነው።

የምታነቡ ሁሉ ለእትዬ እንዳትነግሩብኝ እለምናችኋለሁ። የፈጣሪ ሥራ ነው ብላ ተጽናንታለች። አሁን ዓሣ ትበላለች፤ የምትተውለት ሰው የለም።

ለጤናችን ስለሚያደርጉት ትጋት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የእህቷን ድርሻ የበላች ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያው አሁንም ከሳጥኑ አልገባ ካለ፣ ከላይ በኩል እንዲታጠፍ በትሕትና አመለክታለሁ። እዚያ ያለው የእርስዎ ስምና ማኅተም ብቻ ስለሆነ፣ ሳናነበው ብንቀር የሚሞት የለም።