የኳሱ ሲዲ እኔ ጋ ነው

አንዱዓለም፣

ቁልፉን አከራያችን እትዬ አገርነሽ ጋ ትቼልሃለሁ። የፕሌይስቴሽኑ ገመድ ይነዝራል፤ በእርጥብ እጅህ እንዳትነካው።

የሥራ ዝውውሬ ደርሶ ዛሪማ መግባቴ ነው። ትናንት ልነግርህ ስመጣ ኢርፎን አድርገህ ትጫወት ነበር።

ጌሙን ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ጫንክና «ከእንግዲህ ሲዲ ምን ይሠራል?» አልከኝ። ምን እንደሚሠራ ልንገርህ? ድሮ አንዱ ሊዋስ፣ ሌላው ሊመልስ ሲመጣ በራችን ተዘግቶ አያውቅም ነበር። አሁን ሁሉም በፍላሽ ወስዶ በዚያው ቀረ። የሚመልሰው ነገር የለውማ!

ሲዲዎችህ አልጋዬ ስር ናቸው፤ እንዳትጥላቸው። የኳሱን ግን ይዤው ሄጃለሁ። ዛሪማ መጫወቻም ቴሌቪዥንም የለኝም።

መኪናው ክላክስ እያደረገ ነው።

ሲዲው ያንተ ነው። መጥተህ ውሰደው።

ሻረው